ባለ ሃያው ሰውዬ

ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
ማራገቢያው ሲሻው ይዞራል፣ ሲሻው ይቆማል።
ሰሌዳው ላይ ጥያቄ፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቴ፦
«ጃክሰን፣ የአሜሪካ ሰባተኛው ፕሬዚዳንት፣
ጥሩ መሪ ነበር? አልነበረም? ተሟገቱበት።»

ዳኛው እኔ ነኝ፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው።
ኪሴ ውስጥ አንዲት ባለ ሃያ ዶላር አለች፣ የውሰት፤
ከመዲና ዘርዛሪዋ፣ ከታይዋን በር ላይ፣
«ለትምህርት ነው» ብዬ፣ «እስከ ማታ ላሳይ»።
«አቦ መምህር፣ እንዳትታጠፍብኝ ብቻ።»

ልጆቹ ተቀባበሏት፤ ፀጉሩን አይተው ሳቁ፦
«የኛ አሸዋ ነፋስ ነው እንዴ ያበጠረው?»
የወረቀት ገንዘብ አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር አልኳቸው፤
ይኸው፣ ሲሞት ወረቀት ላይ አስቀመጡት።

ፈርዶሳ ተነሣች። ዕጣ ነው ደጋፊ ያደረጋት፦
«አባቱ ሳይወለድ ሞተ፤ በዐሥራ አራቱ እናቱን አጣ፤
ከደሃ ጎጆ ተነሥቶ እስከ ቤተ መንግሥት ወጣ።
ደረቱ ውስጥ የቀረ ጥይት ይዞ ኖረ።
የአገሩን ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈለ።
እስቲ መምህር፣ ዕዳውን የጨረሰ አገር የት አለ?»
ክፍሉ አጨበጨበ። ዕዳ ይገባቸዋል፤
የእናታቸው ስም ባለሱቁ ደብተር ላይ ያደረ ልጆች ናቸው።

ሂርሲ ወረቀት አልያዘም።
«ቼሮኪ የሚባሉ ነበሩ» አለ። «ማሳ ነበራቸው፤
ፊደል ነበራቸው፤ ጋዜጣ እንኳ ነበራቸው።
እሱ የፈረመው ሕግ ከቤት አስወጣቸው፤
በክረምት፣ በእግር። ብዙውን መንገዱ በላቸው።»
ዝም አለ። ጨረሰ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሣ፦

«ሰው ቤቱን በአንድ ጋሪ ሲጭን
ምኑን የሚተው ይመስላችኋል?
እናቴ በሩን ነቅላ ልትወስድ ነበር።
ባለጋሪው፣ ‹ወይ በሩ፣ ወይ ልጆቹ› አላት።»

አሜሪካን ትቶ ደቻቱ ዳር ገባ ልጁ።
እኔም ተከትዬው ገባሁ፤
መንገዱን አውቀዋለሁ።

አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣
መምህራን በቀን አበል ተቀጠርን፤
ቀይ ቀለም በጣሳ ይዤ፣ ከወንዙ አፋፍ በር በበር
ቁጥር የጻፍኩ እኔ ነበርኩ።
አለቃችን አቶ ድንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤
ቀበሌው ውስጥ ውሃ ያስገባ፣ መብራት ያስተከለ፣
ከሠራተኛው ጋር ቆሞ ሻይ የሚጠጣ።
«ጎርፍ ሳይቀድመን» ይል ነበር።
ጎርፉም መጣ፤ አንድ ሌሊት ወንዙ አፉን ከፈተ።
የተነሡት ተረፉ። ይህን ማንም አይክድም።
ግን የተነሡት ወደ ጠጠር ነው፣ ቧንቧ ወደሌለበት፤
ባዶው አፋፍ ላይ ደግሞ በዓመቱ ግንብ ታጠረ፣
መጋዘን ቆመ፤ የማን እንደሆነ
ያኔ ጠያቂ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤
አበሌን ፈርሜ ተቀብያለሁ።

የነጥብ መስጫው ወረቀት ሁለት ሣጥን ብቻ አለው።
«ውጤቱን ሰኞ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ መዲና ብሯን ወደ አምፖሉ ዘረጋቻት።
ከነጩ ዳር፣ ምንም ካልነበረበት፣ ሌላ ፊት ወጣ፤
ያው ሰውዬ፣ ደብዛዛ፣ ዓይኑ የጠፋ።
«አየህ? ሁለተኛ ፊት ከሌለው ፎርጅድ ነው» አለችና
ከመቀነቷ ሥር ሸጎጠችው። «ለመሆኑ ምን ፈረድክ?»
ባጃጅ መጣ ብዬ ሮጥኩ።

ባጃጅ አልመጣም ነበር። በእግሬ፣ በደቻቱ በኩል።
ፍየል ያሰሩበት አጥር ውስጥ
አንድ የቆርቆሮ በር በጎኑ ተጋድሟል፦
መቶ ዐሥራ አራት፣ በቀይ።
የሂርሲ እናት በር ይሁን አይሁን አላውቅም።
የአራቱን አጣጣል ግን አውቀዋለሁ፤
ዛሬም ሰሌዳ ላይ እንደዚያው ነው የምጽፈው።
በጥፍሬ ፋቅሁት።
ጥሩ ቀለም ነበር። አልለቀቀም።